ሥራ የፈታ ኮምፒውተር ለምን ይግላል? በሞቃት አገር የቤት ኮምፒውተር እረፍት የሚያጣበት ምክንያትና መላው

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ሰውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያንም ይፈትናል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 2016 በኩዌት ሚትሪባ የተለካው 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት ተመርምሮ የጸደቀ የእስያ አህጉር ከፍተኛ የሙቀት መጠን ነው። በቤት ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር እንዲህ ያለው አየር በቀጥታ ባያገኘውም፣ ኤር ኮንዲሽነሩ ሲጠፋ ወይም ብዙ ሰው የሚጋራው ክፍል ሲታመቅ የሙቀቱ ተካፋይ መሆኑ አይቀርም።

በአካባቢው ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ኮምፒውተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ልጆች ትምህርታቸውን የሚከታተሉበት፣ የቁርኣን ትምህርት በርቀት የሚቀስሙበት፣ በሥራ ላይ ያለ ሰው ማታ ማታ ሙያ የሚማርበትና ከአገር ቤት ቤተሰብ ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገርበት ዕቃ ነው። ብዙውን ጊዜም የተገዛው ከወራት ቁጠባ በኋላ፣ ምናልባትም ከሌላ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ማራገቢያው ያለ ምክንያት ሲጮህ፣ ሣጥኑ ሲግልና ሥራው ሲንቀራፈፍ ጉዳዩ የቤቱን በጀት የሚነካ ይሆናል።

ነገሩን ግራ የሚያጋባው ኮምፒውተሩ የሚግለው ከባድ ሥራ ሲሠራ ብቻ አለመሆኑ ነው። ባለቤቱ ለአስር ሶላት ተነሥቶ፣ ሰግዶና ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ፣ ማንም ያልነካው ኮምፒውተር እንደ ምድጃ ግሎ ይጠብቀዋል። ምንም ያልሠራ መሣሪያ ሙቀቱን ከየት አመጣው? መልሱ ያለው ፕሮሰሰሩ «በሚያርፍበት» መንገድ ላይ ነው።

ማረፍን የተማረ መሣሪያ

ፕሮሰሰር በውስጡ ያሉት እጅግ በርካታ ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያዎች በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ እየተከፈቱና እየተዘጉ የሚያስብ መሣሪያ ነው። በእያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት ጥቂት ኃይል ይወጣል፤ የወጣውም ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የዚህ ኃይል መጠን ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን የሚያድገው በካሬ ነው። ለምሳሌ በ4 ጊጋኸርትዝና በ1.2 ቮልት የሚሠራ ፕሮሰሰር ወደ 1 ጊጋኸርትዝና ወደ 0.8 ቮልት ቢወርድ፣ በመክፈትና በመዝጋት የሚወጣው ኃይል ወደ አንድ ዘጠነኛ ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ፣ ማብሪያው ተዘግቶ እያለ እንኳ ሾልኮ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ አለ። ይህን ፍሰት ማስቆም የሚቻለው የኃይል ምንጩን ራሱን በመዝጋት ነው።

የቀድሞዎቹ የቤት ኮምፒውተሮች ማረፍን አያውቁም ነበር። የኢንቴል 8086 ዝርያ ፕሮሰሰሮች እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ «ሃልት» የሚባል የማቆሚያ ትእዛዝ ቢኖራቸውም፣ ዊንዶውስ 95 ሥራ ሲያጣ ይህን ትእዛዝ አይጠቀምም ነበር፤ ምክንያቱም በወቅቱ የነበሩ አንዳንድ ላፕቶፖች ትእዛዙን ሲቀበሉ ጨርሰው ይደርቁ ነበር። በዚህም የተነሣ ፕሮሰሰሩ የሚሠራው ሲያጣ በባዶ ዙር እየተሽከረከረ ይጠብቅ ነበር። ጉዳዩ የገባቸው ተጠቃሚዎች «ሬይን» እና «ዋተርፎል» የተባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን እየጫኑ ፕሮሰሰሩን በግድ ያሳርፉት ነበር።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ «ኤሲፒአይ» የተባለውን የጋራ ደንብ አወጡ። ከዚያ ወዲህ የኃይል ቁጥጥሩ በዋናነት ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተዛወረ። በደንቡ መሠረት ፕሮሰሰሩ ሲሠራ ሲ-0 በተባለው ደረጃ ላይ ነው። በሲ-1 ሥራውን ያቆማል፤ ነገር ግን በቅጽበት ይነሣል። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የሚዘጋው ክፍል ይበዛል። በኋላ በመጣው ሲ-6 ደረጃ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሁሉ በማስታወሻ አስቀምጦ የአንጓውን ኃይል እስከ መዝጋት ይደርሳል። እንቅልፉ በጠለቀ መጠን ቁጠባው ይጨምራል፤ ለመንቃት የሚወስደው ጊዜም በዚያው ልክ ይረዝማል።

የዚህን አስፈላጊነት በጉልህ ካሳዩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ፕሬስኮት» የተባለው የፔንቲየም 4 ትውልድ ነው። የፍጥነቱ ዋጋ እስከ 115 ዋት የሚደርስ ሙቀት ሆነ። ኢንቴልም በዚያው ዓመት ቀጣዩን «ቴጃስ» የተባለ ዕቅዱን ሰርዞ ፊቱን ወደ ሌላ መንገድ አዞረ። ከዚያ በኋላ የመጡ ፕሮሰሰሮች ፈጥኖ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ፈጥኖ መተኛትንም ተምረዋል። የዛሬው የቤት ኮምፒውተር ችግርም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ይህን እንቅልፍ የሚነሣው ነገር ሲመጣ ነው።

ዋትና ዲግሪ፦ ሁለቱ ምስክሮች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዲሉ፣ ፍለጋው ከመለካት መጀመር አለበት። ማራገቢያው ስለጮኸ ብቻ ወደ ጥገና ቤት መሮጥም ሆነ አዲስ ማቀዝቀዣ መግዛት ገንዘብን በግምት ማውጣት ነው። የፕሮሰሰሩን የሙቀት መጠንና የኃይል ፍጆታ የሚያሳዩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ «ኮር ቴምፕ» አንዱ ነው። መለኪያው ተከፍቶ፣ ሌላው ሁሉ ተዘግቶ፣ ኮምፒውተሩ ከተነሣ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ሁለት ቁጥሮች ይነበባሉ፤ ዲግሪውና ዋቱ። የክፍሉ ሙቀትም አብሮ ይመዘገባል።

የክፍሉ ሙቀት የሚመዘገብበት ምክንያት አለ። ማቀዝቀዣ የሚባለው ክፍል ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ክፍሉ ከ24 ወደ 35 ዲግሪ ቢሞቅ ፕሮሰሰሩም በዚያው 11 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በሥራ ፈት ሰዓት ከክፍሉ ሙቀት ከ10 እስከ 20 ዲግሪ የሚበልጥ ንባብ በዴስክቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰጋ አይደለም። ስለዚህ በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 40 ማንበብ ደህና ነው። በዚያው ክፍል፣ ያለ ሥራ፣ 70 ማንበብ ግን ምርመራ ይፈልጋል።

ዋናው መለያ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ ማንበብ ነው። ዋቱ ዝቅተኛ ሆኖ ዲግሪው ከፍተኛ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ በአግባቡ እያረፈ ነው፤ ችግሩ ጥቂቷ ሙቀት እንኳ መውጫ አለማግኘቷ ነውና የሚመረመረው ማቀዝቀዣው ነው። ዋቱም ዲግሪውም ከፍተኛ ከሆነ ግን ማቀዝቀዣው ጥፋት ላይኖርበት ይችላል፤ ፕሮሰሰሩን እንቅልፍ የነሣው ነገር መፈለግ አለበት። ይህን ልዩነት ሳይለዩ የሚደረግ ጥገና ራሱን ለሚያመው ሰው የእግር ቅባት እንደ መስጠት ነው።

ሁለት ነገሮች ተጠቃሚውን ያለ አግባብ እንዳያስደነግጡ መታወቅ ይገባቸዋል። አንደኛ፣ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ለትንሽ ሥራ እንኳ ለአፍታ ፍጥነታቸውን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ ዲግሪው በድንገት ብድግ ብሎ ወዲያው ቢወርድ ጤናማ ነው። ሁለተኛ፣ የእረፍት ፍጆታ በሁሉም ሞዴል እኩል አይደለም። ጥቂት ዋት ብቻ የሚወስዱ አሉ፤ ከአንድ በላይ ቁራጭ ተጋጥሞ የተሠሩት አንዳንድ የኤኤምዲ ራይዘን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ምንም ሳይሠሩ ከ20 ዋት በላይ ሊያሳዩ ይችላሉ።

እንቅልፍ የሚነሱ ፕሮግራሞች

ዋቱ ከፍተኛ ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ «ኮምፒውተሩ እውነት ሥራ ፈት ነው ወይ?» የሚል ነው። በዊንዶውስ «ታስክ ማናጀር» ፕሮሰሰሩን እየተጠቀሙ ያሉትን ፕሮግራሞች በቅደም ተከተል ያሳያል። በጀርባ የሚወርድ ማሻሻያ፣ ፋይሎችን የሚመዘግብ አገልግሎት፣ የቫይረስ ፍተሻ ወይም በአሳሹ ውስጥ የተረሱ ደርዘን ገጾች የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው። አብዛኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ራሳቸው ያቆማሉ፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ እንደገና ማየት ተገቢ ነው።

አንድ ቁጥር በተለይ ትኩረት ይሻል። አራት አንጓ ባለው ፕሮሰሰር ላይ ፍጆታው ሳይነቃነቅ 25 በመቶ ላይ ከቆመ፣ አንድ ፕሮግራም ስቶ አንዱን አንጓ ሙሉ በሙሉ በባዶ ዙር እያሽከረከረ ነው ማለት ነው፤ መቶ ለአራት ሲካፈል 25 ነውና። ስምንት የሥራ መስመር ባለው ላይ ቁጥሩ 12.5 ይሆናል። ያን ፕሮግራም ዘግቶ መክፈት፣ ካልሆነም ማሻሻል ወይም ማስወገድ ይበቃል።

ከዚህ የከፋው ዲጂታል ገንዘብ ለማመንጨት በሰው ኮምፒውተር ላይ በስውር የሚሠራ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው ከማይታወቅ ቦታ በነጻ ከተወሰደ ፊልም፣ ጨዋታ ወይም «የተሰበረ» ሶፍትዌር ጋር ነው። አንዳንዱ «ታስክ ማናጀር» ሲከፈት ሥራውን አቁሞ ይደበቃል፤ ሲዘጋ ይቀጥላል። ማራገቢያው ምርመራ ሲጀመር ዝም የሚል፣ ምርመራው ሲያበቃ የሚጮህ ከሆነ ጥርጣሬው ወደዚህ ማዘንበል አለበት። መፍትሔውም በታመነ ጸረ-ቫይረስ ሙሉ ፍተሻ ማድረግ፣ ካልጠራም ፋይሎችን በሌላ ቦታ አስቀምጦ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከእነዚህ ሁሉ ረቂቅ ነው። የፍጆታው መቶኛ ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ ፕሮሰሰሩ ላይተኛ ይችላል። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ በየ15.6 ሚሊሴኮንዱ፣ ማለትም በሴኮንድ 64 ጊዜ፣ ሰዓቱን ለማየት ይነቃል። አንድ የቪዲዮ ወይም የጨዋታ ፕሮግራም ይህን ወደ 1 ሚሊሴኮንድ ሲያወርደው መንቃቱ በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ይሆናል። በየጥቂት ደቂቃው የሚቀሰቀስ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አልጋው ላይ ቢውልም እንዳልተኛ ሁሉ፣ ፕሮሰሰሩም ወደ ጥልቁ ደረጃ ሳይወርድ ያነጋል። «ፓወርሲኤፍጂ» የተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ታዝቦ እንቅልፍ የሚነሱትን ፕሮግራሞችና በዩኤስቢ የተሰኩ ዕቃዎች በሪፖርት ያወጣል። ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ደግሞ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው «ፓወርቶፕ» ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል።

ከቀድሞው ባለቤት የተወረሰ ቅንብር

ከሰው እጅ በተገዛ ኮምፒውተር ላይ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የቀድሞው ባለቤት ለጨዋታ ፍጥነት ብሎ የኃይል ቁጠባውን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። በዊንዶውስ የኃይል ዕቅድ ውስጥ የፕሮሰሰሩ ዝቅተኛ ደረጃ 100 በመቶ ተብሎ ከተቀመጠ፣ ፍጥነቱና ቮልቴጁ ሥራ በሌለበት ሰዓት እንኳ ወደ ታች ላይወርዱ ይችላሉ። ሚዛናዊ የተባለውን ዕቅድ መምረጥ በአብዛኛው ይህን ያስተካክላል።

ሌላው ያለው በባዮስ ውስጥ ነው። የሲ-ደረጃዎች፣ የኢንቴል «ስፒድስቴፕ» ወይም የኤኤምዲ «ኩል ኤንድ ኳየት» ተዘግተው ሊገኙ ይችላሉ። ቮልቴጁም በእጅ ተጨምሮ ከሆነ፣ የካሬው ሕግ እንደሚያሳየው ትንሿ ጭማሪ ብዙ ሙቀት ታመጣለች። እያንዳንዱን ቅንብር ለይቶ ለማያውቅ ሰው ደህናው መንገድ ነባሩን ቅንብር በስልክ ፎቶ አንሥቶ ባዮሱን ወደ ፋብሪካው መነሻ መመለስ ነው። ፎቶው የሚያስፈልገው ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ አልነሣ ካለ ወደ ነበረበት ለመመለስ ነው።

አቧራ፣ ማራገቢያና የደረቀ ፔስት

ዋቱ ዝቅተኛ፣ ዲግሪው ግን ከፍተኛ ሆኖ ከተገኘ ተጠያቂው ማቀዝቀዣው ነው። በበረሃ አገር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አቧራ ነው። ከአሸዋ አውሎ ነፋስ የሚመጣው ደቃቅ አቧራ በተዘጋ መስኮት እንኳ ገብቶ፣ በብረቱ ክንፎችና በማራገቢያው መካከል እንደ ጨርቅ ይነጠፋል። አየር ሲታገድ ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም።

ጽዳቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ገመዱም ከግድግዳው ይነቀላል። ከዚያም በታመቀ አየር ክፍት በሆነ ቦታ ይነፋል። በሚነፋበት ጊዜ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ወይም በእንጨት መያዝ አለበት፤ ከልኩ በላይ መሽከርከር ሊያበላሸው ይችላል። ርጥብ ጨርቅና የቤት አቧራ መጥረጊያ ማሽን ከውስጥ ክፍሎች መራቅ አለባቸው፤ ማሽኑ ለክፍሎቹ አደገኛ የሆነ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ሊፈጥር ይችላልና። የኃይል ማከፋፈያውን ሣጥን ራሱን መክፈት ግን ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነው፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሰውን የሚጎዳ ኤሌክትሪክ በውስጡ ሊቆይ ይችላል።

ጽዳቱ ካልበቃ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፔስት በዓመታት ብዛት ደርቆ ሊሆን ይችላል። አሮጌው ተጠርጎ፣ አዲሱ በትንሹ ተቀብቶ፣ ማቀዝቀዣው በእኩል ኃይል ሲታሰር ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይታያል። ላፕቶፕ ላይ ከሁሉ የሚቀድመው አቀማመጡ ነው። ፍራሽ፣ ምንጣፍ ወይም የመጅሊስ ትራስ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ የአየር መሳቢያው ታፍኖበታል። ጠንካራና ደረቅ ጠረጴዛ ያለ ምንም ወጪ ብዙ ዲግሪ ያወርዳል። የባትሪው ሆድ ያበጠ ላፕቶፕ ከሆነ ግን ወዲያው አጥፍቶ ለባለሙያ ማሳየት ግድ ነው፤ የእሳት አደጋ አለው።

ሲያርፍ የሚጠፋ ኮምፒውተር

አንዳንድ ጊዜ ችግሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ደህና ሆኖ፣ ብቻውን ሲተው ይደርቃል ወይም ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኢንቴል «ሃስዌል» ትውልድ በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ከኃይል ማከፋፈያው የሚስበው ኤሌክትሪክ እስከ 0.05 አምፔር ዝቅ ሊል ይችል ነበር። ይህን ያህል ትንሽ ፍላጎት እንዲያስተናግዱ ያልተሠሩ አሮጌ ማከፋፈያዎች ሚዛናቸውን ይስቱ ነበር። በራይዘን ማዘርቦርዶች ባዮስ ውስጥም በሥራ ፈት ሰዓት የሚሳበው ኤሌክትሪክ በጣም እንዳያንስ የሚያደርግ ምርጫ የተቀመጠው ለተመሳሳይ ችግር ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥልቆቹን የሲ-ደረጃዎች ለጥቂት ቀናት ዘግቶ መሞከር ይቻላል። መድረቁ ከቆመ ጥፋቱ ያለው በእንቅልፉ ዙሪያ ነው፤ ባዮሱን ማሻሻል ወይም የኃይል ማከፋፈያውን መቀየር መፍትሔ ይሆናል። ደረጃዎቹን ለዘለቄታው ዘግቶ መተው ግን በሽታውን በሌላ በሽታ መለወጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ አይደርቅም፤ ነገር ግን ሌት ተቀን ይግላል።

ኢስራፍና የመብራት ሒሳብ

የዚህ ሁሉ ልፋት ጥቅም በቁጥር ይገለጻል። እረፍት ያጣ ዴስክቶፕ 50 ዋት በከንቱ ቢያባክንና በቀን 12 ሰዓት ቢበራ፣ በዓመት 219 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በባሕረ ሰላጤው ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ያ ሙቀት በክፍሉ ውስጥ ስለሚቀር ኤር ኮንዲሽነሩ መልሶ ሊያወጣው ይገባል፤ ሦስት ዋት ሙቀት ለማስወጣት ደግሞ አንድ ዋት ያህል ይፈጃል። ኤር ኮንዲሽነሩ በሚሠራባቸው ስድስት ወራት ብቻ ሌላ 36 ኪሎዋት ሰዓት ይጨመራል። አንድ ቤተሰብ ማንም ላልተጠቀመበት ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። እስልምና ለውዱእ በሚውለው ውኃ ላይ እንኳ ኢስራፍን እንደሚያስጠነቅቅ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚግል ኮምፒውተር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሙቀቱ የመሣሪያውንም ዕድሜ ይበላል። በማዘርቦርድና በኃይል ማከፋፈያ ላይ ያሉ ፈሳሽ የያዙ ካፓሲተሮች የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ስሌት ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱ፣ ብዙ ጊዜ 100 ዲግሪ አካባቢ በሆነው ወሰኑ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበቃውም ኮምፒውተሩን ያጠፋል። ልጁ ፈተና ላይ ሳለ ኮምፒውተሩ የሚንቀራፈፈው ብዙ ጊዜ ስላረጀ ሳይሆን ስለጋለ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚርቅ ሰው ኮምፒውተሩን «ስሊፕ» ላይ ቢያደርገው ፍጆታው ወደ ጥቂት ዋት ይወርዳል። «ሃይበርኔት» ሲደረግ ደግሞ ሥራው በዲስክ ላይ ተቀምጦ ኃይሉ ይዘጋል። አዳዲስ ላፕቶፖች ክዳናቸው ተዘግቶም ከኢንተርኔት ጋር መገናኘታቸውን ሊቀጥሉ ስለሚችሉ፣ ቦርሳ ውስጥ ግለው መገኘታቸው የተለመደ ቅሬታ ነው። ለመንገድ የሚዘጋጅ ሰው «ሃይበርኔት» አድርጎ ወይም ፈጽሞ አጥፍቶ ቢይዘው ይሻላል።

ይህ ምክር ዕቃውን ወደ አገር ቤት ለሚልኩም ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካሉት የባሕረ ሰላጤው ከተሞች አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ከማቀዝቀዣው የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። የከተማዋ ቅዝቃዜ ይህን ያካክሰዋል፤ በአቧራ የታፈነ ወይም ፔስቱ የደረቀ ኮምፒውተር ግን እዚያም አይተርፍም። ለእህት ወይም ለወንድም የሚላክ ኮምፒውተር ከመታሸጉ በፊት ጸድቶ፣ ፔስቱ ታድሶና ባዮሱ ወደ መነሻው ተመልሶ ቢላክ ስጦታው ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖረዋል።

ከላይ ከተዘረዘሩት እርምጃዎች አብዛኞቹ ያለ ገንዘብ የሚፈጸሙ ናቸው። የቤተሰብ ፎቶና የግል ሰነድ የያዘን ኮምፒውተር ለማያውቁት ሰው ከመስጠት በፊት በቤት ውስጥ መሞከራቸው የቤተሰብን ገመና ለመጠበቅም ይረዳል። ቅደም ተከተሉ ግን አይዘንጋ፤ መጀመሪያ ዋትና ዲግሪ ይነበብ፤ ከዚያ ፕሮግራሞች፣ ቀጥሎ ቅንብሮች ይታዩ፤ በመጨረሻም ዊንጭ ይነሣ። ለውጥ ሲደረግ አንድ በአንድ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ በኋላም ቁጥሮቹ እንደገና ይመዝገቡ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደፈወሰው አያውቅም፤ ሕመሙ ሲመለስም ከየት እንደሚጀምር ይጠፋበታል።